ጊዜውን የሚወስደው መንገዱ ነው ወይስ ወረፋው?

በገጠሩ የአገራችን ክፍል አንድ መንገደኛ ስለሚሄድበት ቦታ ርቀት ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ በኪሎ ሜትር የተሰጠ አይደለም። «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ወይም «ለእግረኛ አንድ ሰዓት አይፈጅም» ይባላል። ይህ አነጋገር ርቀትን ከጊዜ ጋር አስተሳስሮ የሚይዝ በመሆኑ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ እንቅስቃሴ ከሚማሩት ጋር አንድ መሠረት አለው። ይኸውም ርቀት ለወሰደው ጊዜ ሲካፈል ፍጥነት ይገኛል የሚለው ነው።

ይህን ቀመር በቃል ይዞ ለፈተና ብቻ ማዋል የተለመደ ነገር ነው። ይሁንና ቀመሩም ሆነ ከእርሱ ጋር የሚሠራው ግራፍ የአንድ የገጠር ቤተሰብ ጊዜ በየቀኑ የት እንደሚባክን ለይቶ ለማወቅ ይረዳል። ይህንንም ለማሳየት ከውኃ መቅዳት ሥራ አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ባዶ ጀሪካን ይዛ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ከቤትዋ ትነሣለች እንበል። ምንጩ የሚገኘው ቁልቁል ተወርዶ 2 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሸለቆው ውስጥ ነው። በ12 ሰዓት ተኩል ትደርሳለች። እዚያም ወረፋ ይዛ 50 ደቂቃ ትቆማለች። በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ 20 ሊትር ውኃ ቀድታ ስትነሣ፣ ጀሪካኑ ሳይቆጠር የውኃው ክብደት ብቻ 20 ኪሎ ግራም ነው። ዳገቱን ወጥታ ከቤትዋ የምትደርሰው ከ40 ደቂቃ በኋላ ልክ በ2 ሰዓት ይሆናል። የትምህርት ቤቱ ደወል የሚደወለውም በ2 ሰዓት ከሆነ፣ ልጅቱ ቁርስ ሳትቀምስና ደብተርዋን ሳታነሣ ትምህርቱ አምልጧታል ማለት ነው።

አሁን ይህን ጉዞ ካሬ ባለው ወረቀት ላይ እናስፍረው። ከሥር ያለው አግድም መስመር ጊዜውን፣ በግራ በኩል የቆመው መስመር ከቤት ያለውን ርቀት ያመለክታል። የመጀመሪያው 30 ደቂቃ ከዜሮ ተነሥቶ እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚወጣ መስመር ይሆናል። የሚቀጥለው 50 ደቂቃ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል በ2 ኪሎ ሜትር ላይ የተጋደመ ነው። የመጨረሻው 40 ደቂቃ ደግሞ ተመልሶ ወደ ዜሮ የሚወርድ መስመር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ግራፉን እንደ አገሩ አቀማመጥ ሥዕል አድርጎ፣ የሚወጣውን መስመር ዳገት፣ የሚወርደውን ቁልቁለት ብሎ መገመት ነው። በምሳሌያችን የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ልጅቱ ቁልቁል ስትወርድ መስመሩ ይወጣል፤ ዳገቱን ስትወጣ መስመሩ ይወርዳል። ምክንያቱም ግራፉ የሚናገረው ከቤት የራቀችበትን መጠን እንጂ የመሬቱን ከፍታ አይደለም።

መስመሩ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ሲቆም ፍጥነቱ ከፍተኛ፣ ጋደል ሲል ዝቅተኛ፣ ፈጽሞ ሲጋደም ደግሞ መቆምን ያመለክታል። ስትሄድ 2 ኪሎ ሜትሩን በግማሽ ሰዓት በመጓዝዋ ፍጥነትዋ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ነበር። ስትመለስ ግን በሸክሙና በዳገቱ ምክንያት ወደ 3 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሏል። አማካይ ፍጥነትዋን ለማግኘት 4ንና 3ን ደምሮ ለ2 ማካፈል ስሕተት ነው። ጠቅላላው ርቀት 4 ኪሎ ሜትር፣ ጠቅላላው ጊዜ 2 ሰዓት ስለሆነ አማካዩ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የቀረውን የበላው ወረፋው ነው።

ፍጥነትን ከጊዜ ጋር የሚያሳይ ሌላ ግራፍም ይሠራል። በዚህኛው ላይ የመጀመሪያው ጉዞ ቁመቱ 4፣ ወርዱ ግማሽ ሰዓት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ይሰጣል። ወርዱን በቁመቱ አባዝቶ የእርሻ መሬቱን ስፋት የሚያሰላ ሰው ይህንንም ያውቀዋል፤ 4 በግማሽ ሲባዛ 2 ይሆናል፤ ይህም የተጓዘችው ኪሎ ሜትር ነው። ወረፋ በቆመችበት ጊዜ ግን ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ፣ 50 ደቂቃ ሙሉ ምንም ስፋት አይገኝም።

ከዚህ በመነሣት ለልጅቱ የሚሻላት ምን እንደሆነ ማስላት ይቻላል። ፍጠኚ ብትባልና ከጉዞው 40 ደቂቃ መቀነስ ቢኖርባት፣ 70 ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ በ30 ደቂቃ መጨረስ አለባት። ይህም በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ማለት ሲሆን፣ 20 ኪሎ ግራም አዝሎ ዳገት ላይ መሮጥ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰ ውኃ ግን አይለቀምም። ምንጩ በቂ ውኃ ኖሮት አንድ ወይም ሁለት መቅጃ ቧንቧ ቢጨመርና ወረፋው ወደ 10 ደቂቃ ቢወርድ ግን ያው 40 ደቂቃ ያለ ሩጫ ይተርፋል። በ1 ሰዓት ከ20 ከቤትዋ ትደርሳለች።

ይህ ሲባል መንገዱ ችግር አይደለም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ መሠረታዊ የውኃ አገልግሎት የሚሉት፣ ውኃው ከተሻሻለ ምንጭ የሚገኝና ወረፋው ጭምር ታስቦ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ ሲሆን ነው። በምሳሌያችን ፍጥነት ወረፋ ፈጽሞ ባይኖር እንኳ ይህ የሚሟላው ውኃው ከቤት ከ850 ሜትር ብዙም ሳይርቅ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ቧንቧ መጨመሩ ለዛሬ፣ ውኃውን ማቅረቡ ለዘለቄታው የሚያስፈልጉ ሥራዎች መሆናቸውን ግራፉ ለይቶ ያሳያል።

በምሳሌያችን ፍጥነቱ በየምዕራፉ አንድ ዓይነት ነው ብለን ገመትን። እውነተኛ እንቅስቃሴ ግን ይለዋወጣል። ጣሊያናዊው ሊቅ ጋሊሊዮ ጋሊሌይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1638 በታተመው መጽሐፉ እንደገለጸው፣ የነሐስ ኳስ በተዳፋት ሳንቃ ላይ እያንከባለለ ርቀቱን ለክቷል። ጊዜውን ያወቀው ደግሞ ከዕቃ በቀጭን ቧንቧ የሚፈስ ውኃ አጠራቅሞ በመመዘን ነበር። ጊዜው 2 እጥፍ ሲሆን ርቀቱ 4 እጥፍ፣ 3 እጥፍ ሲሆን 9 እጥፍ ሆኖ አገኘው። እንዲህ ያለው ግራፍ ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ላይ እየታጠፈ የሚሄድ ነው።

የገጠር ትምህርት ቤት ለዚህ ትምህርት ውድ መሣሪያ መጠበቅ አያስፈልገውም። 10 ሜትር የተለካ ገመድ፣ የእጅ ስልክ ሰዓትና አንድ ካሬ ወረቀት ይበቃሉ። ተማሪዎች የየራሳቸውን የውኃ፣ የወፍጮና የትምህርት ቤት መንገድ በየ10 ደቂቃው መዝግበው በግራፍ ቢያሳዩ፣ ትምህርቱን ከማወቃቸውም በላይ ስለ ውኃ ሥራ በሚመከርበት ስብሰባ ላይ ወላጆቻቸው ይዘውት የሚቀርቡት ማስረጃ ይሆናል። «ውኃ ሩቅ ነው» ከማለት «ከ2 ሰዓቱ ውስጥ 50 ደቂቃውን ቆመን ነው የምናሳልፈው» ማለት ይበልጥ ይሰማልና።