መምህሩ ወደ ሽንኩርት ማሳ ለምን ወረደ?

«መምህሩ ሽንኩርት ነጋዴ ሆነ፣ ነርሱ ባጃጅ ገዛ» የሚለው ወሬ ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ እስከ አዲስ አበባ ቢሮዎች በምሬት ይነገራል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው የቀወት ቆላ ዲግሪ ያለው ልጅ ጠመኔውን አስቀምጦ ወንዝ ዳር መሬት ተከራይቶ፣ ውኃ መሳቢያ ሞተር ተውሶ ሽንኩርት ሲተክል ያዩ ሽማግሌዎች «የዛሬ ልጅ ብር እንጂ ሙያ አይወድም» ይላሉ። በየስብሰባው ደግሞ «የሙያ ፍቅር ይቅደም» የሚል ምክር አይጠፋም። ሁለቱም አነጋገር የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው። ሰው እንጀራውን ሲመርጥ በአንድ እጁ ደስታን፣ በሌላው ገንዘብን ይዞ አንዱን ይጥላል የሚል ግምት። እኔ ግን የተበላሸው የልጆቹ ልብ ሳይሆን ሒሳቡ ነው እላለሁ፤ ሒሳቡን ያበላሸውም ልጆቹ አይደሉም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አዳም ስሚዝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው የሚጠላው ሥራ ክፍያው ከፍ እንደሚል፣ ሰው ወዶ የሚሠራው ደግሞ ክፍያው እንደሚያንስ ጽፏል። ምሳሌዎቹ የሞት ፍርድ አስፈጻሚውና ዓሣ አጥማጁ ናቸው። የመጀመሪያው ሁሉም የሚጸየፈውን ሥራ ስለሚሠራ ከሥራው መጠን አንጻር ደህና ይከፈለዋል፤ ሁለተኛው ሌሎች ለመዝናኛ የሚሠሩትን መተዳደሪያ በማድረጉ ድሃ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የምንረዳው ደስታ ከደመወዝ ውጭ ያለ ሌላ ጸጋ ሳይሆን የደመወዙ አንድ ክፍል መሆኑን ነው። ቀጣሪው በብር ያልከፈለውን በክብር፣ በክረምት ዕረፍት፣ ያስተማሩት ልጅ ሐኪም ሲሆን በማየት ይከፍላል። ሠራተኛውም ይህን ተቀብሎ ከብሩ ላይ ይቀንስለታል። ይህን ቅናሽ «የደስታ ቅናሽ» ልበለው። እስከዚህ ድረስ ብዙ ተንታኝ ይስማማል።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙዎች የቅናሹን መጠን የፍቅር መለኪያ ያደርጉታል፤ ቅናሹን የተሸከመ ሙያውን ይወዳል፣ ትቶ የሄደ አይወድም ይላሉ። ነገር ግን ሠራተኛው ቅናሹን የተስማማበት ቅጥር በፈረመበት ቀን ነው፤ የተጻፈውም በብር ነው። አንድ ወጣት ከማስተማር ውጭ ባለ ሥራ በወር 10 ሺህ ብር ማግኘት እየቻለ ማስተማርን ወድዶ በ8 ሺህ ብር ገባ እንበል። ለደስታው የከፈለው 2 ሺህ ብር ነው፤ ይህን ዐይቶ፣ አስቦ ተስማምቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ የውጭው ገቢ ከገበያው ዋጋ ጋር እየወጣ 18 ሺህ ደረሰ፤ የእርሱ ደመወዝ ግን ተጨምሮለት 10 ሺህ ሆነ። አሁን ቅናሹ 8 ሺህ ብር ነው። ፍቅሩ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ የዚያው ፍቅር ዋጋ ግን ማንም ሳይጠይቀው አራት እጥፍ ሆኗል። ይህ ሰው ክፍሉን ለቅቆ ሲወጣ ገንዘብ መረጠ ማለት፣ የቤት ኪራይ አራት እጥፍ የጨመረበትን ተከራይ ቤቱን ጠላው እንደማለት ነው። በዚህ ላይ ደስታ የሚመነዘረው ከአንድ ወለል በላይ ብቻ ነው። አከራዩ፣ ወፍጮ ቤቱና የጤፍ ነጋዴው የሚቀበሉት ብር ነው፤ ደመወዙ ከእነዚህ ሦስቱ ሒሳብ በታች ሲወርድ ሥራው የቱንም ያህል ቢወደድ ደስታው መለወጫ መሆኑ ያበቃል።

ከምሳሌው ወደ አገሩ ሒሳብ ስንመጣ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ደመወዝ አልጨመረም ማለት ሐሰት ይሆናል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ጀማሪ ባለዲግሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል። ጭማሪው በወረቀት 4,560 ብር ነው። በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት ቀረጡንና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮውን ስንቀንስ ግን ባለዲግሪው ቤት የሚገባው 8,595 ብር ነው፤ በዚያው ቀረጥ ቀድሞ ይገባ ከነበረው የሚበልጠው በ3,029 ብር ገደማ ነው። ከተጨመረው ላይ አንድ ሦስተኛው ደጃፉ ሳይደርስ ተመልሷል። «የዋጋ ግሽበቱ እኮ እየወረደ ነው» የሚሉኝ ይኖራሉ። የስታትስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን አሃዝ ለዚህ ጥያቄ መልስ አድርጌ አልቀበለውም። ግሽበት ወረደ ማለት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው፤ የተከመረው ዋጋ ተመለሰ ማለት አይደለም። የአገር አማካይ ደግሞ የደመወዝተኛው መለኪያ አይደለም። የራሱን ማሽላና ማሾ የሚያመርተው የቀወት ገበሬ ቤትና እህሉን በኪሎ የሚገዛው መምህር ቤት በአንድ አማካይ ውስጥ ሲገቡ የመምህሩ ችግር ይሰወራል።

ፍቅሩ አለመጥፋቱን ለማየት ግንቦት 2017ን ማስታወስ ይበቃል። የጤና ባለሙያዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ስለ ደመወዝ ድምፅ ያሰሙት፣ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱትም ያኔ ነው። ሙያውን የማይወድ ሰው እንዲህ አይደክምም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። የሚጮኸው መቆየት የሚፈልገው ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ከሌላ በኩል ይመጣል። «ሽንኩርት እኮ ሎተሪ ነው፤ ደመወዝ ትንሽም ቢሆን አይቀርም፤ ታዲያ ዋስትናን ጥሎ ወደ ሎተሪ የሚሄድ በብር ፍቅር ካልታወረ በምን ይሄዳል?» እውነት አለው። ሽንኩርት መደብ ላይ ፈልቶ፣ ወር ከግማሽ ገደማ ቆይቶ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ ከዚያም ሦስት አራት ወር ውኃ፣ ኩትኳቶና መድኃኒት ይበላል። አይሱዙ ላይ ተጭኖ አዲስ አበባ ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሲደርስ ዋጋው ስንት እንደሚሆን የተከለው ሰው አያውቅም። ባለፈው ዙር ዋጋ ከወጣ ሁሉም ይተክላል፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይነቅላል፣ ዋጋው ይወድቃል። ደላላው ይረገማል እንጂ ዋናው ጥፋት የሁሉም ተካይ ትናንት ባየው ዋጋ መትከሉ ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ምርቱ ከማሳው ሳይወጣ ይበሰብሳል፤ በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ከተማ ድረስ እንደገባ የአካባቢው ሰው አይረሳም። እንዲያም ሆኖ ዋስትና የሚባለው ደመወዝ ራሱ በየወሩ የሚሸረፍ ዋስትና ነው። ወር በወር መጥቶ ወር በወር የሚበላ ብር ቆርቆሮ አይገዛም፣ ጎጆ አያወጣም፤ ደመወዝተኛ እቁብ የሚገባው ብሩን በአንድ ጊዜ ለማግኘት ነው። ሽንኩርት የተሳካ ቀን የሚሰጠው ደግሞ ያንኑ በአንድ ጊዜ የሚቆጠር ብር ነው። ስለዚህ ወደ ማሳ የሚወርደው ልጅ ሁለት ዓይነት አደጋን አመዛዝኗል፤ ታውሯል የሚያሰኝ ነገር አላየሁም።

ደግሞስ ማሳው ላይ ደስታ የለም ያለው ማነው? ክርስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ካመለከቱ ወጣቶች መካከል ከፊሉን በዕጣ ሥራ እንዲያገኝ፣ ከፊሉን 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና እንዲወስድ፣ የቀሩትን ደግሞ ምንም ሳይሰጣቸው እንዲቆዩ አደረጉ። በድርጅቶቹ ሥራ ከገቡት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት በዓመት ውስጥ ለቀቁ። የድርጅቶቹ ሥራ ገቢ አልጨመረላቸውም፤ የጤና ጉዳቱ ግን ከባድ ነበር። ለራሳቸው ሥራ ገንዘቡንና ሥልጠናውን ያገኙት ግን ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ከፍ አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል የገቢው ልዩነት መጥፋቱን መደበቅ አልፈልግም፤ የራስ ሥራ ሁሉን ያበለጽጋል የሚል መደምደሚያ አይወጣበትም። የሚወጣበት ነገር ደሃም ሰው ቢሆን ደመወዙን፣ ጤናውንና በራሱ ጊዜ ማዘዙን አብሮ እንደሚመዝን ነው። አለቃ የሌለበት ማሳ፣ ውኃ የሚለቀቅበትን ሰዓት ራስ የሚወስኑበት ቀን፣ ለመምህሩ ሌላ ዓይነት ደስታ ነው። ከደስታ ወደ ገንዘብ ሄደ የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ የሄደው ዋጋው ከተወደደበት ደስታ ወደ ረከሰ ደስታ ነው።

ከዚህ ጥናት ሌላም የሚታይ ነገር አለ። መሥሪያ ቤቶቻችን በየዓመቱ «ይህን ያህል የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ሲሉ የሚቆጥሩት በር የገባውን ነው። በዓመቱ መጨረሻ እዚያው የቀረውን ቢቆጥሩ ሰንጠረዡ ሌላ ይሆን ነበር፤ ደመወዝ ሲወሰንም የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

የሚከተለውን ባጭሩ ልበል። ቅናሹ በዚህ ከቀጠለ ክፍል ውስጥ የሚቀሩት የትዳር ጓደኛቸው የሚነግድ፣ የመስኖ መሬት የወረሱ ወይም ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ይሆናሉ፤ ማስተማር ከሌላ ኪስ የሚደጎም ሥራ ይሆናል። ደጓሚ የሌለው ጎበዝ የድሃ ልጅ፣ ለማስተማር የተፈጠረ ቢሆን እንኳ፣ ሌላ በር ያንኳኳል። ለቀወት ገበሬ ልጅ ሒሳብ የሚያስተምረውን ሰው ማስቀረት የሚፈልግ መንግሥት ደመወዙን አልፎ አልፎ በመግለጫ ከመጨመር ይልቅ፣ ጭማሪውን እህልና የቤት ኪራይ ከሚያሳይ የየአካባቢው የዋጋ መለኪያ ጋር በየዓመቱ ያስር። ለዚህም መጀመሪያ በሸዋ ሮቢት ገበያ የአንድ ኪሎ ጤፍና የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ በየወሩ ተመዝግቦ ይታተም።