ከመቐለ እስከ ግባ፤ የአንድ እሑድ ጉዞ በብስክሌት

በሐምሌ 2009 ዓ.ም ተመርቆ በልብስ ስፌት ከታወቀው ከመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ፣ በዕለተ እሑድ ነግህ፣ የሳምንቱን ድካም ትቶ ብስክሌቱን ይዞ የቆመ ሰው በሦስት አቅጣጫ መንገድ ይጠራዋል፤ በሰሜን የውቅሮ፣ በደቡብ የማይጨው፣ በምዕራብ የተምቤን። ዓይኑን በወንዝና በሸለቆ ለማሳረፍ የወደደ ግን ምዕራቡን ይመርጣል። ይህ መንገድ ወደ ግባ ወንዝ ወርዶ ከተሻገረ በኋላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ወደሚበልጠው የዶጉዓ ተምቤን ደጋ፣ ወደ ሀገረ ሰላም ይወጣል፤ ርቀቱም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉልበቱ የጠና እስከ ደጋው ይዘልቃል፤ ለጀማሪ ግን እስከ ወንዙ ደርሶ መመለሱ ለአንድ ቀን ይበቃዋል።

ለዚህ ጉዞ የተመረጠው ወቅት፣ ዘመነ ክረምት አልፎ ምድር በአደይ የምታሸበርቅበት መስከረምና ተከታዩ ጥቅምት ነው። ተጓዡ ፍሬኑን ፈትኖ፣ ካቴናውን ዘይት ቀብቶ፣ ትርፍ ካላማዳሪና የጎማ መንፊያ፣ በኮዳም ውኃ ይዞ ይነሣል፤ መቐለ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ የተቀመጠች ናትና፣ አየሩ ስስ መሆኑን ያልለመደ ሰው ገና ከማለዳው ቢጣደፍ ቀትር ሳይደርስ ይዝላል።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ሥነ ፍጥረት መጽሐፏን ትገልጣለች። ከጥንት ባሕር ወለል የተረፈው የኖራ ድንጋይ ንብብር በየገደሉ ፊት ይታያል፤ የገበሬው ቤት ከአካባቢው ድንጋይ የተካበ ነው፤ አፈር በጎርፍ እንዳይወሰድ ሕዝቡ በገዛ እጁ የካበው እርከን ከተራራ ተራራ እየተያያዘ ይሄዳል፤ በየአጥሩም በለስ ቆሟል። ይህን ሁሉ በመኪና የሚያልፍ ሰው በመስኮት አይቶት ወዲያው ይረሳዋል፤ በብስክሌት የሚሄድ ግን ጤፉን በሽታው፣ ነፋሱን በፊቱ፣ ዳገቱን በባቱ ስለሚያውቀው፣ ያየው አገር ከሥጋው ጋር ተዋሕዶ ይቀራል።

በቀትር ከወንዙ ዳር ሲደርስ፣ ከሰሜን የመጡት ሱሉህና ገንፈል የተገናኙበትን፣ ተከዜን አግኝቶ በመጨረሻም ለዓባይ የሚገብረውን የግባን ውኃ እያየ ያርፋል። እንዲህ ያለው ዕረፍት በሌላም አገር የተከበረ ነው። በፈረንሳይ፣ የዓለም ቅርስ ሆኖ በተመዘገበው በሎዋር ሸለቆ፣ የወንዙን ዳር እየተከተለ 900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የብስክሌት መንገድ ምልክት ተተክሎለት ተዘጋጅቷል፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም በጥንታዊ ቤተ መንግሥቶች መካከል ያለ ሥጋት ይጓዝበታል።

ያንን ሸለቆ የመቐለ ልጅ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1903 የተጀመረውን ቱር ደ ፍራንስ በ2016 ከኢትዮጵያውያን ሁሉ ቀድሞ የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይ የተወለደው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ የዚያ ዓመት ውድድርም ሦስተኛው ዕለት ከሎዋር ብዙም በማትርቀው በአንዤ አብቅቶ፣ አራተኛው ከወንዙ ዳር ከሶሚር ተነሥቶ እስከ ሊሞዥ 237 ኪሎ ሜትር ከግማሽ የሚጋለብበት ነበር። የኢትዮጵያ ብስክሌት ታሪክ ግን ከዚያም ይቀድማል፤ አገራችን የኦሊምፒክን ደጃፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በረገጠችበት በ1949 ዓ.ም በሜልቦርን፣ ከአትሌቶቻችን ጋር አራት ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር።

ብስክሌት ለመቐለ ሰው የውድድር ዕቃ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም በጀመረው ጦርነት የፓርኩ ሥራ ተቋርጦ፣ ነዳጅም ከከተማዋ በጠፋበት በዚያ መራራ ጊዜ፣ ሞተር ሲቆም ያልቆመው ይህ በእግር የሚነዳ መንኰራኵር ነበር። በችግር ቀን የታመነን ወዳጅ በሰላም ቀን መርሳት አይገባም፤ ከጭነት መኪና የተለየ ጠባብ መንገድ፣ በየዳገቱ ራስ ላይ የዛፍ ጥላ፣ ርቀት የሚናገር ምልክት ብናዘጋጅለት፣ ግባም እንደ ሎዋር የብዙ ተጓዦች ማረፊያ ለመሆን ከውበት በኩል የሚጎድለው የለም።

ሠርክ ሲቃረብ ተጓዡ ማርሹን አቅልሎ፣ ጠዋት በደስታ የወረደውን ቁልቁለት አሁን ዳገት ሆኖ ያገኘዋል፤ ሲወርድ በፍጥነት ያለፈውን እርከን ሲወጣ ድንጋይ በድንጋይ ይቈጥረዋል፤ ያንን ሁሉ ካብ የተሸከመው የሰው ትከሻ መሆኑንም ያን ጊዜ በገዛ ጉልበቱ ይረዳዋል። በማግስቱ ሰኞ በዚያው ብስክሌት ወደ ሥራው ሲሄድ መንገዱ የቀድሞው ነው፤ በከተማው ጫፍ የሚታየው ምዕራባዊው አድማስ ግን ከእንግዲህ ወዲህ ስም አለው።