እንግዳ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ምን እናሳየው?

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እንግዳ ነው። ሚዛን ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው ሆቴል አድሮ፣ ሁለት ፎቶ አንስቶ ቢመለስ ባህላችንን አየ ይባላል? አይባልም። ዘመድም ይሁን ቱሪስት “ምን ልይ?” ብሎ ሲጠይቀን “ምንም የለም” የምንል ብዙ ነን። አለ እኮ!

ከቡና እንጀምር። አቦል፣ ቶናና በረካን እንግዳው ሌላ ቦታም ያገኛቸዋል። በአቦል ብቻ ተነስቶ እንዳይሄድ ንገሩት፣ በቃ። የእኛ አካባቢ ልዩ ነገር ጨሞ ነው። ጨሞ የሚፈላው ከቡናው ፍሬ ሳይሆን ከቅጠሉ ነው። ቅጠሉ እሳት ላይ ሞቅ ይደረግና ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሌላም ቅመም ጋር ተወቅጦ ይፈላል። ጨው ጣል ይደረግበትና ትኩሱን በቅል ይጠጣል። አሠራሩ ከቤት ቤት ይለያያል፣ ሁሉም እናት “የእኔ ይበልጣል” ትላለች። ያቃጥላል! እንግዳው ሲያስለው አትሳቁበት (ትንሽ መሳቅ ይቻላል)። ከተቀቀለ ጎደሬ ጋር ሲሆን ደህና ቁርስ ነው። ጨሞን በደንብ ለማወቅ ሰው ቤት መጋበዝ ያስፈልጋል። ሰው ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስኳር ወይም ሳሙና ይዞ መሄድ ጥሩ ነው።

ስለ ጌሻ ቡናም ንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከእኛ በስተደቡብ ካለው ጫካ የተለቀመ የቡና ዘር ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፣ ከዚያም ፓናማ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓናማ ውስጥ በተደረገ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣና ዋጋው ሰማይ ነካ። ዓለም ሁሉ “የፓናማ ጌሻ” ይለዋል። ስሙ ግን የሄደው ከዚሁ ከእኛ አገር ነው።

ቡና ሲለቀም ማየት የፈለገ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቢመጣ ይሻላል። የበበቃ ቡና እርሻ ከሚዛን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቴፒም የራሷ ትልቅ እርሻ አላት። ዝም ተብሎ ግን አይገባም፤ በር ላይ ፈቃድ ይጠየቃል። ጃንጥላና ቦቲ ጫማ ይያዝ፣ የእኛን ዝናብ ታውቁታላችሁ።

በገበያ ቀን ገበያ ውሰዱት። ኮረሪማ በገመድ ተሰክቶ፣ ጥምዝ በጭስ ደርቆ፣ እርድና ዝንጅብል ተከምሮ ያያል። ወደ ማሻ በኩል የሚሄድ ከሆነ ነጩን የገተም ማር ይቅመስ። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጫካ ውስጥ ሲገባ ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ባለቤት አለው። ሽማግሌዎች ሥርዓት የሚፈጽሙባቸው፣ ዛፍ የማይቆረጥባቸው ቦታዎችም አሉ። ስለዚህ የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ መግባት ነውር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንሂድ፣ ፎቶ። ብዙ ቱሪስቶች በሚዛን አልፈው ወደ ሱሪ ይሄዳሉ። የሚፈልጉት የከንፈር ሸክላና በቀለም ያጌጠ ገላ ፎቶ ማንሳት ነው። ለአንድ ፎቶ ብር ይከፈላል። ከዚህ የተነሣ ለባህሉ ሳይሆን ለካሜራው ብለው ተቀብተው መንገድ ላይ የሚቆሙ ሕፃናት አሉ። በክበባችን በዚህ ላይ ተከራክረናል። አንዳንዱ “ብር ካገኙ ምን አለበት?” አለ። እውነት ነው፣ ድህነት አለ። ግን የእኛ ዕድሜ ልጅ በትምህርት ሰዓት ቆሞ ሲነሳ፣ ስሙን እንኳን የሚጠይቀው ሳይኖር መኪናው ሲሄድ፣ ያ እንግዳ ምን ባህል አየ? ስለዚህ እንግዳውን እንዲህ በሉት፦ መጀመሪያ ሰላም በል፣ ስም ጠይቅ፣ ተቀመጥ፣ ከዚያ አስፈቅደህ አንሳ። እምቢ ካለህ ካሜራህን አጥፋ።

እኛስ? ፈረንጅ ሲያልፍ “ዩ! ዩ! ብር ስጠኝ! እስክሪብቶ!” እያልን የምንሮጠው ማን ነን? ዓይኑ ጠበብ ያለ ሰው ስናይ፣ ጃፓናዊም ይሁን ኮሪያዊ፣ “ቻይና! ቻይና!” ብለን የምንጮኸውስ? ያው እኮ ነው። ስሙን አልጠየቅነውም።

ስም ትልቅ ነገር ነው። ቤንች ድሮ “ጊሚራ” ይባል ነበር፣ ሕዝቡ ግን ራሱን የሚጠራው ቤንች ብሎ ነው። ሸኮ፣ መኢኒት፣ መዠንግር፣ ሸካቾ፣ ካፊቾ፣ ሁሉም የራሱ ስምና ቋንቋ አለው። እንግዳው አንድ ሰላምታ እንኳን ቢያውቅ ፊት ሁሉ ይፈታለታል። ቤንችኛ ግን ከወረቀት አይለመድም፤ ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል የቃሉ ትርጉም ይለወጣል። የቋንቋ ምሁራን 6 ዓይነት የድምፅ ከፍታ ቆጥረውበታል። ስለዚህ የሚያስተምረው የቤንች ልጅ ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው ሳምንት በሰልፍ ሰዓት “ደህና አደራችሁ?” በቤንችኛ፣ በሸኮኛ፣ በመኢኒትኛና በሸኪ ኖኖ እንዴት እንደሚባል በማይክራፎን እናሰማለን። ቋንቋውን የሚችል ተማሪ በእረፍት ሰዓት ወደ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ይምጣ።