የቀበና ወንዝ ከየት ተነሥቶ ወዴት ይደርሳል

«ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» የሚለው የአበው ምሳሌ ስለ ነገር አመጣጥ የተነገረ ነው። ነገር ግን ስለ ውሃው ራሱ ቢመረምሩት ደግሞ ምክር ይገኝበታል። በምንጩ ጥሩ የሆነ ውሃ በመንገዱ ምን እንደሚያገኘው ለማወቅ የቀበናን ወንዝ መከተል ይበቃል።

ቀበና የሚነሣው ከፍታው ከ3000 ሜትር ከሚያልፈው ከእንጦጦ ተራራ ነው። ይህም ተራራ አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. ከመቆርቆርዋ አስቀድሞ ዳግማዊ ምኒልክ የተቀመጡበት ነው። የጥንቱ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ቢመናመን፥ በእርሳቸው ዘመን ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ተተካበት። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስላደገ ከተማውን ከማገዶ ችግር አድኗል፤ ይሁን እንጂ ውሃ እጅግ ስለሚጠጣና ከሥሩ ሣር ስለማያበረክት፥ እንደ ጽድና እንደ ወይራ አድርጎ አፈሩን አይጠብቅም። ስለዚህ በክረምት ጎርፉ አፈር ይዞ ይወርዳል።

ወንዙ ከተራራው ወርዶ ከተማውን ሲያቋርጥ ግንፍሌና ባንትይቀጡ ይገቡበታል። የየቤቱ ፍሳሽና ጥራጊም አብሮ ይገባል። ጧት በተራራው ላይ ጠጠሩ የሚታይበት ውሃ፥ ከድልድዮቹ ሥር ሲደርስ መልኩም ሽታውም ይለወጣል። ከዚያ ወደ አቃቂ ወርዶ በአባ ሳሙኤል ግድብ ይጠራቀማል፤ በዚያም እምቦጭ የሚባለው አረም ፍሳሹን ምግብ አድርጎ የውሃውን ፊት ሸፍኖታል።

በአቃቂ ሜዳ ያለው ገበሬ በዚሁ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል። በአትክልቱም ውስጥ ለጤና የሚጎዱ ማዕድናት መገኘታቸው በምርመራ ታውቋል። አትክልቱ ተመልሶ የሚሸጠው በአዲስ አበባ ገበያ ነውና፥ ከላይ ሆኖ የጣለው ሰው የጣለውን በገበታው ላይ ያገኘዋል።

የቀረውም ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ በቆቃ በኩል ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። አዋሽ ግን እንደ ሌሎች ታላላቅ ወንዞች ወደ ባሕር የሚደርስ አይደለም፤ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ ከተማው የጣለው እድፍ ከምድሪቱ ወጥቶ አይሄድም፤ ከብቱም ሰውም በሚጠጣው ውሃ ውስጥ ይቀራል።

በ2011 ዓ. ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የወንዝ ዳር ለማልማት መታሰቡ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ዳሩ አምሮ ውሃው ቢያድፍ፥ ውጭው ታጥቦ ውስጡ እንዳልታጠበ ዋንጫ ይሆናል። ሹም ፍሳሹ በቦዩ እንዲሄድ ሕጉን ሳያዳላ ቢያስፈጽም፥ ካህንም ጠበል በሚፈልቅበት በዚያው ተራራ ሥር የሚያልፈውን ውሃ ማሳደፍ ባልንጀራን መበደል መሆኑን ቢያስተምር፥ በቆላ ያለው ወንድም ከደጋው የሚላክለት ውሃ በረከት ይሆንለታል።