የጽሕፈት ቤት ሥራና የዘመን መለወጫ

ከሥራ ሁሉ አታካች መስሎ የሚታየው የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ገበሬ የዘራው ሲበቅል አይቶ ይደሰታል፤ ግንበኛ ያቆመውን ግድግዳ ዳስሶ ልቡ ይረካል፤ ጸሐፊ ግን ትናንት የጻፈውን ደብዳቤ ዛሬ ቀኑንና ቍጥሩን ለውጦ መልሶ ይጽፈዋል። ይህም መታከት በዓመቱ ማለቂያ ይብሳል።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐሙሲት የነሐሴ ዝናም ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ የጉማራ ወንዝም ሞልቶ ወደ ጣና ይወርዳል። በመዝገቡ ፊት የተቀመጠው ሠራተኛ ዓይኑ በወረቀቱ ላይ ሲሆን ልቡ በበዓሉ ላይ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚከፈት፥ በሂሳብ ረገድ አሮጌው ዓመት ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ጳጉሜንም የአምስት ቀን፥ በዘመነ ሉቃስ ማለቂያ የስድስት ቀን ሥራ ይዛ ትመጣለች እንጂ ለብቻዋ ደመወዝ የላትም። የበጉና የልጆች ልብስ ዋጋ በሚታሰብበት በዚህ ጊዜ ብዕሩ ቢከብደው የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገር ግን በዚያው ሰዓት በደጃፉ የቆመ ባለጉዳይ አለ። ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ቀን ነው፤ ባላገርም ለገበያ በወጣበት ቀን ጉዳዩን አብሮ ለመፈጸም ማሰቡ የቆየ ልማድ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው «ከበዓል በኋላ ተመለስ» ማለት ጭቃውን ረግጦ የመጣበትን መንገድ ሁለተኛ መርገጥ፥ የእርሻውንም ቀን ማጣት ነው። አንዲት ፊርማ ለፈራሚው የቅጽበት ነገር ስትሆን፥ ለባላገሩ የመሬቱ ወይም የውርሱ ነገር ናት።

ይህን ካህናት አብልጠው ያውቁታል። በዘመን መለወጫ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ሲታወጁ ሕዝቡ በደስታ ይሰማል፤ ያ ደስታ የቆመው ግን በባሕረ ሐሳብ ቍጥር ላይ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፥ አስቀድሞ የወይን አትክልተኛ የነበረው 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ የሌሊቱን 23 ሱባዔ 161 ብሎ፥ በ30 ገድፎ 11 አበቅቴን አገኘ፤ የቀኑንም 7 ሱባዔ 49 ብሎ፥ 30ውን ገድፎ 19 መጥቅዕን አገኘ፤ ሁለቱም ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። መደመርና መግደፍ፥ እንደ ገና መደመርና መግደፍ፤ ከዚህ የበለጠ አታካች ሥራ ምን አለ? ይሁን እንጂ አንዲት ቍጥር ብትስት ሕዝብ ሁሉ በጾም ቀን በበላ፥ በበዓል ቀንም በጾመ ነበር።

ስለዚህ አታካች ሥራ ሁሉ ከንቱ ሥራ አይደለም። የብዙ ሰው በዓል በአንድ ሰው ትዕግሥት ላይ ያርፋልና። ጳጉሜን 3 ቀን ርኅወተ ሰማይ ነው ብሎ ሕዝቡ በዝናሙ ሲጠመቅ፥ መዝገብ ቤቱም ከውዝፉ ቢታጠብ መልካም ነው። የሠራተኛው ዕረፍት የሚጥመው፥ ባለጉዳዩ ወረቀቱን በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ዘመኑ ተለውጦ ውዝፉ ሳይለወጥ ቢቀር ግን፥ የተለወጠው ቍጥሩ ብቻ ነው።