ሂሳብና ኢኮኖሚክስ ተምሮ ወዴት?

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሂሳብ አስተምራለሁ። ምዝገባ በደረሰ ቁጥር ሁለት ዓይነት ተማሪ ቢሮዬ ይመጣል። የሂሳብ ተማሪው «ከመምህርነት ሌላ ምን እሠራበታለሁ?» ይላል፤ የኢኮኖሚክሱ ደግሞ «ካልኩለስ ካለፍኩ አይበቃኝም ወይ?» ይለኛል። መልሴ ለሁለቱም አንድ ነው፤ አንዱ የሌላውን ትምህርት ካልጨመረበት ዲግሪው ብዙም አያራምደውም።

ይህን በአንድ ጥያቄ አሳያቸዋለሁ። አንድ የጎጃም ገበሬ ስምንት ጥማድ መሬት አለው እንበል፤ ጤፍና በቆሎ ይዘራበታል። ለአንዱ ሰብል የሰጠው መሬት በሰፋ ቁጥር ከተጨማሪው ጥማድ የሚያገኘው ትርፍ እየቀነሰ ይሄዳል። ታዲያ ትልቁን ትርፍ ለማግኘት መሬቱን እንዴት ያካፍለው? የሂሳብ ተማሪዬ የላግራንዥን ዘዴ አንስቶ ወዲያው ይጨርሰዋል፦ ለጤፍ ይህን ያህል፣ ለበቆሎ ይህን ያህል፣ ላምዳ 6000። ላምዳዋን ግን መልሱ ጋ ካደረሰችው በኋላ ዞር ብሎ አያያትም። የኢኮኖሚክሱ ልጅ ስሌቱ ላይ ይንገዳገዳል፤ ላምዳ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ይፈካል። ገበሬው አንድ ጥማድ ቢጨመርለት ትርፉ በ6000 ብር ገደማ ያድጋል ማለት ነውና ከጎረቤቱ መሬት ቢከራይ ከዚያ በላይ መክፈል የለበትም። ባንክም ሆነ ፖሊሲ የሚያጠና መሥሪያ ቤት የሚፈልገው ስሌቱንም ትርጉሙንም የሚችል ሰው ነው።

አሜሪካ ሄዶ በኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ለመማር ለሚያስብ ነገሩ ይብሳል። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስ ሳይጠይቁ ከመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላሉ፤ የትምህርቱን ክፍያ ሸፍነው ለኑሮም ይከፍላሉ። ትራንስክሪፕቱን የሚያገላብጡት መምህራን ግን አጥብቀው የሚያዩት የሂሳብ ውጤቱን ነው፦ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ በተለይ ደግሞ ሪል አናሊሲስ። የመጀመሪያው ዓመት የማይክሮ ትምህርት በማረጋገጫ የተሞላ ስለሆነ፣ ማረጋገጫ ጽፎ የማያውቅ ተማሪ እዚያ ይሰናከላል። በሌላ በኩል የሂሳብ ተመራቂ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ባይኖረውም ማመልከት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዤራር ደብሩ ራሱ የተማረው ሂሳብ ነበር። ጎበዝ ልጅ ለአንድ ኮርስ ብሎ ሲቀር ያንገበግበኛል። ስለዚህ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ገና ሁለተኛ ዓመት ሳለ ሪል አናሊሲስን እንዲወስድ እወተውታለሁ። ሬጅስትራር ካልፈቀደለት ክፍሌ መጥቶ ይቀመጥ፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ባይገባም፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የትኛውን ማረጋገጫ እንደሠራ በድጋፍ ደብዳቤዬ እጽፍለታለሁ።

ቅርባችንም ዕድል አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኬፕታውን ላይ የተጀመረው የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋም ዛሬ በሴኔጋል፣ በጋና፣ በካሜሩንና በሩዋንዳም ማስተርስ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተውና መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ምርምር ኮንሶርቲየም ደግሞ ከአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ኢኮኖሚስቶችን በማስተርስና በፒኤችዲ ያሠለጥናል።

አገር ቤት ሥራ መፈለጉ ለኢኮኖሚክስ ተመራቂ ይቀላል፤ ብሔራዊ ባንክ፣ ገንዘብ ሚኒስቴርና ንግድ ባንኮች ያውቁታል። የሂሳብ ተመራቂ ግን ስሙ በማስታወቂያ ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይጠራ ችሎታውን ይዞ መቅረብ አለበት። ኢንሹራንስ ውስጥ የሞትና የአደጋን ዕድል አስልቶ ዓረቦን የሚተምን ባለሙያ፣ አክቿሪ የሚሉት፣ ያስፈልጋል፤ ወደዚያ ሙያ የሚያስገቡት የመጀመሪያዎቹ ዓለም አቀፍ ፈተናዎች ፕሮባቢሊቲና የፋይናንስ ሂሳብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም የቦንድና የአክሲዮን ዋጋ የሚተምን ሰው ይፈለጋል።

ለሁለቱም አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችን ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሰበሰበው የቤተሰብ ኑሮ ጥናት መረጃ በነፃ ይወርዳል፤ አር የተባለው ፕሮግራምም ነፃ ነው። ጥማድና ማዳበሪያ፣ ምርትና ወጪ በየቤተሰቡ ተመዝግበው ይገኛሉ። የሂሳቡና የኢኮኖሚክሱ ልጅ ጥንድ ሆነው አንድ ጥያቄ ይመርጡና አሥር ገጽ ጽፈው ያመጡልኛል። ሥራ ሲያመለክቱም ሆነ ማስተርስ ሲጠይቁ ያንን ጽሑፍ አያይዘው ይልካሉ።