የኢንሱሊን መርፌ ቤት ሲገባ

ከሐይቅ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ሆስፒታል ውስጥ «ከእንግዲህ ኢንሱሊን በየቀኑ መወጋት ያስፈልጋል» ተብሎ ወደ አምባሰል ተራራ ለሚመለስ የስኳር ሕመምተኛ ግን ጉዞው ከዚያ ይልቅ የረዘመ ነው። እጁን ይዛ ያሳየችው ነርስ እዚያው ቀርታለች፤ በማግሥቱ ማለዳ ብልቃጡንና መርፌውን ይዞ የሚቀመጠው እርሱ ራሱ ነው። በዚያች ማለዳ ቤተ ሰቡ ምን ሊያደርግለት ይገባል?

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭ ነው። ይህ ሲጠፋ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለሰውነት ኀይል ሊሆን አይችልም፤ ሰውነትም የራሱን ስብ ያቃጥላል፥ ከዚህም የሚወጣው አሲድ ደሙን ይመርዘዋል። በ1914 ዓ. ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር በ1922) በካናዳ፥ በቶሮንቶ ከተማ አንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ እስኪወጋ ድረስ ይህ ሕመም የጸናበት ልጅ ተስፋ አልነበረውም። «መርፌ ከጀመረ አለቀለት» የሚለው ወሬ እንግዲህ ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው።

ብልቃጡን ፀሓይና የምድጃ ሙቀት አያግኘው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ትንሹን የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው አሸዋ መሙላት፥ አሸዋውንም ውሃ ማጠጣት ነው፤ ውሃው እየተነነ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። እናቶቻችን የመጠጥ ውሃን በእንስራ ሲያቀዘቅዙ የኖሩበት ብልሃት ይኸው ነው። የተከፈተ ብልቃጥ ከአራት ሳምንት በላይ አይቈይ። የስሪንጁን ጥቃቅን የልክ መስመር የሽማግሌ ዐይን ላያየው ስለሚችል፥ ፊደል የቈጠረ ልጅ አብሮ ይማር። መርፌው ሆድ ወይም ጭን ላይ ሲወጋ ቦታው በየጊዜው ይለወጣል። ሕመምተኛ ግን የለመደውን ቦታ ይወዳል፥ ሕመሙ ቀላል ነውና፤ በዚያም ከቆዳ ሥር ያለው ስብ አብጦ ይጠጥራል፥ መድኃኒቱም እንደሚገባው ወደ ደም አይሠርግም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ ነው። ሰውየው ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ንግግሩ ይዛባል፤ ጎረቤትም «ሰክሯል» ይለዋል። መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ማር መስጠት ነው። ራሱን ከሳተ ግን ምንም በአፉ ሳይጨመር ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ስለዚህም መርፌውን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም አደገኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ታሳርፋለችና፥ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር። ጸበል የሚሄድም ብልቃጡን ከቤት ትቶ አይሂድ። በ1999 ዓ. ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ ተናግረዋል፤ ለኢንሱሊን ደግሞ ጥቂት ቀን ማቋረጥ እንኳ ሊገድል ይችላል።

በጎንደር አካባቢ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ ዓ. ም. የገጠር ጤና ጣቢያ ነርሶችን አሠልጥነው፥ ሕመምተኛው በመንደሩ አቅራቢያ እንዲታከም አድርገዋል። ከእነዚያም ሕሙማን ብዙዎቹ ከሲታ ድኾች ገበሬዎች ነበሩ። የስኳር በሽታ የጠገበ ሰው ሕመም ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው፤ በ2017 ዓ. ም. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌደሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን «አምስተኛው ዐይነት» ብሎ ለይቶታል።

የሐይቅ ሰውም ከደሴ ሳይነሣ ይጠይቅ፦ ብልቃጡ ሲያልቅ የሚሰጠኝ የትኛው ጤና ጣቢያ ነው? በዚያ ስለዚህ ሕመም የተማረው ነርስ ማን ነው? ጥያቄውንም ሲጠይቅ ከቤቱ አንድ ሰው አብሮት ይቁም።